የባቡር ክሪክ በሚካኤል ደጅ

ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ እኔ ድሬዳዋ፣ ባቡር የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ የምሠራ ጎልማሳ ነበርኩ። ክፍላችን የእግር ክፍል ይባላል። እግር የምንለው የባቡሩን ጎማ ነው። የባቡር እግር ብረት፣ የሚሮጥበትም ሐዲድ ብረት ስለሆነ ሲውል ሲያድር ይበላል። ዙሩ ሲበላሽ ባቡሩ እኛ ጋ ይመጣል። ከፍ አድርገን እግሮቹን ከሥሩ እናወጣለን፤ ቶርኖ በሚባለው ትልቁ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ አስረን ዙሩን እንሞርዳለን። ካለቀለትም አሮጌውን የዙሪያ ብረት አውልቀን አዲሱን በእሳት አግለን እናለብሰዋለን።

ለዛሬው ወሬዬ ዋና የሆኑት ግን ባቡሩን የምናነሳባቸው ክሪኮች ናቸው። የመኪና ክሪክ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዳቸው የሰው ቁመት ያክላሉ። መሐላቸው ላይ እንደ ጭን የወፈረ ብሎን ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ማኖቬላ የሚባለውን የብረት እጀታ ሲያዞሩ ብሎኑ ሸክሙን የያዘውን ክንድ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋዋል። አራቱን በአራት ማዕዘን አቁመን ስምንት ሆነን እኩል ስናዞር ያ ሁሉ ብረት ከመሬት ይነሳል። እኩል ካላዞርን ግን ባቡሩ ያጋድላል፤ ካጋደለ ከሥሩ ያለ ሰው አይተርፍም።

በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማንሻ መጣና አሮጌዎቹ አራት ክሪኮች ግቢ ውስጥ ተጥለው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅባቸው ጀመር። ለቁራጭ ብረት ይሸጡ ሲባል ፈረንሳዊው አለቃችን ሙሴ አልቤር እምቢ ባይል ኖሮ ያን ጊዜ አልቀው ነበር። "እኔ ልጅ ሆኜ ሥራ የተማርኩት በእነዚህ ነው" ይል ነበር በተሰባበረ አማርኛው።

እኔ የተወለድኩት መንዝ፣ ከሞላሌ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቴ ወልዴ ቀጥቃጭ ናቸው። በዚያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገረው። የአገሩ ሰው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚቆርጥበት ምሳር ሁሉ ከአባቴ እጅ የወጣ ነው። ሆኖም ማረሻውን ሊወስድ የሚመጣ ሰው ከአጥር ወዲህ አይገባም። ከቤታችን እህል አይቀምስም። ልጁን ለእኛ አይድርም፤ የእኛንም አያገባም። አንድ ሕፃን ከታመመ ወላጆቹ ወደ ቤታችን አቅጣጫ እያዩ ያንሾካሹካሉ፤ "ቡዳ በላው" ይባላል። አባቴ ጸጉራቸው ሸብቶ እንኳ የአገሩ ሰው ትንሽ ትልቁ "አንተ ወልዴ" እያለ ነበር የሚጠራቸው። በዚያ አገር አባቴን "እርስዎ" የምንላቸው እኔና እኅቴ ብቻ ነበርን።

ይህ ነው ያስኮበለለኝ። ድሬዳዋ ስገባ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ ብረት መያዝ እችል እንደሆነ ነው። መዶሻ አንስቼ አሳየኋቸው፤ በዚያው ቀረሁ። ወደ መንዝ መመለስ የሚባል ነገር ከልቤ ወጥቶ ነበር።

አንድ ቀን የአገሬ ልጅ የሆነ ጥላሁን የሚባል ወታደር፣ ወደ ሐረር ሲያልፍ ሊጠይቀኝ መጣ። ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ አገር ስናወራ፣

"ሚካኤል ሊፈርስ ነው፣ ሰምተሃል?" አለኝ።

"የኛ ሚካኤል?"

"የኛ ነዋ! ከሥሩ ውሃ ገብቶ በምሥራቅ በኩል ያሉት ሁለት ዓምዶች ሰምጠዋል። ጣሪያው አጋድሏል። ክረምቱ ሳይገባ አፍርሱት ተብሎ ተመክሯል። ማፍረሱንስ ያፈርሱታል፤ እንደዚያ ያለ ጥድ ዳግመኛ ከየት ይመጣል? መንዝ ውስጥ ዛፍ አለ? አባቶች ከቆላ በትከሻ ያወጡት እንጨት እኮ ነው!"

ጥላሁን ሌላ ወሬ ቀጠለ፤ እኔ ግን አልሰማውም ነበር። ያንን ቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። አባቴ ሁልጊዜ ከቅጥሩ ጥግ ቆመው የሚያስቀድሱበት፣ እኔ በእናቴ እቅፍ ክርስትና የተነሳሁበት ነው። "ምን አገባኝ፤ ያላስጠጉን ሰዎች ይፍረስባቸው" ብዬ ለማሰብ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያጋደለው ጣሪያ ብቻ ነው። ከዚህ የከበደ ነገር ስንት ጊዜ አንስቻለሁ!

በማግስቱ ሙሴ አልቤር ቢሮ ገባሁ። ነገሩን አስረዳሁት። ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ፤ ተከተልኩት። ከክሪኮቹ አንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

"ከባቡር ሌላ ነገር አንስተው አያውቁም" አለ።

"እንጨትና ሣር ከባቡር አይከብድም፣ ሙሴ።"

"አይከብድም። ግን ባቡር አይሰበርም፤ የአሮጌ ቤት እንጨት ይሰበራል። ቀስ ብለህ አንሳ። ከሁሉ በላይ እኩል አንሳ።" ከዚያ ፈገግ አለ። "ውሰዳቸው።"

ፍቃድ ወስጄ፣ ሁለት ሰንበት ሳይሞላ ክሪኮቹን አጽድቼ፣ ቅባት አጠጥቼ፣ በባቡር አዲስ አበባ አደረስኳቸው። ከዚያ ትሬንታ ኳትሮ በሚባል የጭነት መኪና ተሳፍረን በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር አድርገን ሞላሌ ገባን። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ "ይህ ነገር መድፍ ነው ወይስ ምንድን ነው?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ክሪኮቹን ሞላሌ አስቀምጬ ከአንደኛው ላይ አንዱን ማኖቬላ ብቻ ፈትቼ በትከሻዬ ይዤ ወደ መንደሬ ወረድኩ።

አባቴ ወናፋቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከተቃቀፍን፣ ከተላቀስን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ማኖቬላውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ይህን ማን ሠራው?" አሉ።

"ፈረንጅ ነው፣ አባባ።"

"ሰውየው ባለእጅ ነዋ! በአገሩ ምን ይሉታል?"

"መሐንዲስ ይሉታል። ሲመጣ ተነስተው ነው የሚቀበሉት።"

አባቴ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ወደ ሚካኤል ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ የደብሩ ገበዝ መምሬ ጽጌ ቆመዋል። መሪጌታም እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው የታወቀ ነው። አጠገባቸው የአካባቢው ባለ ርስት ግራዝማች ይፍሩ አሉ። እጅ ነስቼ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉ ግራዝማች፤ እያወቁኝ።

"የወልዴ ልጅ ነኝ።"

"የቀጥቃጩ?"

"አዎን፣ ጌታዬ። የቀጥቃጩ።"

ግራዝማች ወደ ሰዉ ዞሩ። "እንግዲህ ሚካኤልን የሚያቃናልን ቀጥቃጭ ሆነ በሉኛ!"

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። መምሬ ጽጌ ግን አልሳቁም።

"ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ።

"ክሪኮቹን ከሞላሌ የሚሸከም ሰው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ማኖቬላ የሚያዞሩ ስምንት ጠንካሮች። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ቢወድቅስ?"

"ከወደቀ መጀመሪያ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው፣ አባቴ። ከሥሩ የምቆመው እኔ ነኝ።"

መምሬ ጽጌ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። የጓሳ ሣር ክዳኑ በምሥራቅ በኩል እንደ ተጫነ አህያ ጀርባ ሰርጉዶ ነበር። "መፍረሱ አይቀር። ይሞከር" አሉ። ግራዝማች አንድ ነገር ጨመሩ፦ "ይሁን። አባትየው ግን ከቅጥሩ ውጭ ይሁን። ወናፉንና እሳቱን ይዞ ደብር እንዳይገባ።"

ደሜ ፈላ። ጥዬ ልሄድ ነበር። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግራቸው ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ "አንተ ጣሪያውን አንሳ። ከውጭ ሆኜም ይታየኛል" አሉ።

ክሪኮቹ እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ተጭነው ገደሉን ሲወርዱ የአገሩ ሰው ሁሉ ከየማሳው ወጥቶ አየ። ቅዳሜ ማለዳ ታቦቱ በድንኳን እንዲያርፍ ተደረገ። እኔ በሰመጡት ዓምዶች ግራና ቀኝ ድንጋዩን አስተካክዬ፣ ከድሬዳዋ ያመጣሁትን የሐዲድ እንጨት አንጥፌ፣ አራቱን ክሪኮች ጣሪያውን ከተሸከመው ዋና ወጋግራ ሥር አቆምኳቸው። ስምንቱ አራሾች ነጠላቸውን ታጥቀው ማኖቬላቸውን ያዙ። ሌላው ሰው ከውጭ ሆኖ ያያል። አባቴ ከቅጥሩ ማዶ፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆመዋል።

"በእኔ ቁጥር ነው የምታዞሩት" አልኳቸው። "አንድ ስል ግማሽ ዙር፣ ከዚያ መቆም። ሁለት ስል እንደገና።"

ጀመርን። ወዲያው ተበላሸ። ጉልበታሞቹ ቀድመው አዞሩ፤ ሌሎቹ ቁጥሬን ጠብቀው ቀሩ። ጣሪያው ጓ አለ፤ የዘመናት አቧራ በራሳችን ላይ ወረደ። "ቁም! ቁም!" ብዬ ጮህኩ። መልሰን አወረድን፤ እንደገና ሞከርን፤ እንደገና ተዛነፈ። ድሬዳዋ ስምንት ሆነን ስናዞር ዓመታት አብረን የሠራን ነበርን፤ እነዚህ ሰዎች ብረት የያዙት ያን ጠዋት ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር። ከውጭ "ተዉት፣ ሰው ሳይፈጅ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መምሬ ጽጌ ወደ ውስጥ ገቡ።

"ችግሩ ምንድን ነው?"

"እኩል አያዞሩም፣ አባቴ። ቁጥሩ አልገባቸውም።"

"ያንተን ቁጥር ከየት ያውቁታል? የሚያውቁትን ልስጣቸው" አሉና መቋሚያቸውን አንስተው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱ። ዝግ ባለ ድምፅ ዜማ አወጡ። ለማኅሌት የሚቆሙበት፣ እያንዳንዱ የመንዝ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወገቡን ያወዛወዘበት ምት ነው። መቋሚያው ወለሉን ሲመታ ስምንቱ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው እኩል አዞሩ። እንደገና መታ፤ እንደገና እኩል። ከብሎን ብሎን እየሮጥኩ አየሁ። አንድም ጥግ አልቀደመም። እውነት እላችኋለሁ፣ ድሬዳዋ እንኳ እንዲህ ያለ አዟዟር አላየሁም!

ወጋግራው ከዓምዶቹ ራስ ለቀቀ። በዓምዱና በእንጨቱ መካከል መጀመሪያ የቢላዋ ስለት የሚያስገባ ክፍተት ታየ፤ ቀጥሎ ጣት፣ ቀጥሎ እጅ የሚያስገባ ሆነ። ከውጭ ያለው ሰው ጣሪያው ሲንቀሳቀስ አይቶ ወደ በሩ ተጠጋ።

ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን እንደ ጥይት የጮኸ ድምፅ ሰማን። በሦስተኛው ክሪክ ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ከነማኖቬላቸው ወደ ኋላ ወደቁ። ማኖቬላውን ከብሎኑ ጋር የሚያያይዘው፣ እኛ ቁልፍ የምንለው የጣት ውፍረት ያለው ብረት ተሰብሯል። ብሎኑ ራሱ ሸክሙን እንደያዘ ቆሟል፤ ነገር ግን ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አይችልም። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ጣሪያው አየር ላይ ተንጠለጠለ። ትርፍ ቁልፍ ይዤ ነበር፤ ሰክቼ ስሞክረው ግን የእያንዳንዱ ክሪክ ቀዳዳ ለየብቻ የተበሳ ነውና ለዚያ ክሪክ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ቀና ስል በበሩ በኩል ሰማዩ በስተሰሜን ጠቁሯል። የግንቦት በረዶ እየመጣ ነው። ያ ጣሪያ እንደተንጠለጠለ በረዶ ከተጫነው ወርዶ መሬት ነው የሚመታው።

የተሰበረውን ብረት ጨብጬ ወደ ቅጥሩ በር ሮጥኩ። ግራዝማች ይፍሩ በሩ ላይ ቆመዋል። ከማዶ አባቴ አሉ።

"አባባ! ቁልፉ ተሰበረ!"

"አሳየኝ" አሉ። ከበሩ ወዲያ ሆነው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። የተሰበረበትን ፊት ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። "ቀድሞም ውስጡ ተሰንጥቆ ነበር፤ ዝገቱን አየኸው? ጣሊያን ጥሎት ከሄደው መኪና ሥር ፈትቼ ያስቀረሁት የባለስትራ ብረት ቤት አለ። ከእሱ ይወጣል።"

"እንሂድ፣ ቤት እንሥራው!"

"አይሆንም። ከቀዳዳው ጋር እየለካሁ፣ እያገልኩ መምታት አለብኝ። እስክንመላለስ በረዶው ይቀድመናል። እሳቱ ከክሪኩ አጠገብ መሆን አለበት።"

ሁላችንም ግራዝማችን አየናቸው። ግራዝማች ከበሩ አልተነቃነቁም። ከኋላዬ የመቋሚያ ኮቴ ሰማሁ። መምሬ ጽጌ መጥተው ከግራዝማች ፊት ቆሙ፤ ከዚያ አባቴን እያዩ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"አያ ወልዴ፣ ይግቡ" አሉ። "ወናፍዎንም ይዘው ይግቡ። ሚካኤል ይፈልግዎታል።"

ይግቡ! ከልጆቻቸው ሌላ አባቴን "እርስዎ" ያለ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ግን ጊዜ አላጠፉም። "ከሰል! ወናፉን! መስፉን! ባለስትራውን አምጡልኝ!" ብለው ጮኹ፤ እሳቸው ጮኸው አዘዙ፣ የአገሩም ጎረምሳ ታዞ ሮጠ። ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ለመንካት የፈራ አንድም ሰው አላየሁም፤ ምናልባትም የሚፈራበት ጊዜ አልነበረም። ግራዝማች ወደ ጎን አሉ።

እሳቱ ቅጥር ግቢው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ነደደ። ወናፉን መምሬ ጽጌ ራሳቸው ነፉ፤ ጥምጥማቸው በከሰል ጥላሸት ጠቆረ። አባቴ የባለስትራውን ቁራጭ አግለው በጉጠት ይዘው መቱት። እኔ ቀዳዳውን እለካለሁ፣ እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ በሞረድ አስተካክላለሁ። የመጀመሪያው የበረዶ ጠጠር መስፉ ላይ ወድቆ ነጠረ። አባቴ ቀና አላሉም። ብረቱን አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ጮኸ፤ አወጡት፤ ቀለሙን አዩ፤ "አሁን" አሉና በእጄ ላይ አኖሩት።

ገጠመ። መዶሻ ሳልጠቀም፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ።

"መምሬ፣ ዜማውን!" አልኩ።

በረዶው ከውጭ ይወርዳል፤ ውስጥ መቋሚያው ወለሉን ይመታል። መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ጥግ ብቻውን አመጣነው። ከዚያ አራቱ አብረው ዞሩ። አባቴ ከሦስተኛው ክሪክ ጎን ቆመው ዓይናቸውን ከቁልፉ ላይ አልነቀሉም። ወጋግራው ከሌላው ጎን ጋር ተስተካከለ። "ድንጋይ!" ብዬ ጮህኩ። ዓምዶቹ በእጅ ተነስተው የተጠረበው ድንጋይ ከሥራቸው ገባ፤ ቀስ ብለን አወረድን፤ ዓምዶቹ ሸክማቸውን ተቀበሉ። ጣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና ዝም አለ።

መምሬ ጽጌ ወደ ምሥራቁ በር ሄዱ። ያ በር ቤቱ ካጋደለ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም። በአንድ ጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት ሄዶ ገጠመ። ያን ጊዜ ሴቶቹ በረዶው ውስጥ እንደቆሙ እልልታውን ለቀቁት፤ ተራራው መልሶ አስተጋባው። ወንዶቹ አባቴን አንስተው ተሸከሙ። አባቴ "ልጆች፣ አውርዱኝ፣ እወድቃለሁ" እያሉ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ።

በማግስቱ ታቦቱ ሲገባ ሰዉ ያለውን ጠላና የገብስ ዳቦ ይዞ ወጣ። አባቴ በመምሬ ጽጌና በመንደሩ ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጠው ከአንድ መሶብ በሉ። ሁሉም ሰው ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ግራዝማች ይፍሩ ሳይቀምሱ ሄዱ። ግን በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ማረሻቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ አጥሩን አልፈው ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውንም በሉ። ከዓመታት በኋላ የወንድማቸው ልጅ እኅቴን አገባት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን በፊት ክብር ማለት ከአገር ርቆ፣ ማንም በማያውቅህ ቦታ የሚገኝ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ክብሬን ጥዬው የሄድኩበት ቦታ አገኘሁት። እጃችሁ የሚያውቀውን ሥራ የሚንቁባችሁ ሰዎች ካሉ አትጨቃጨቋቸው። የዘመመ ነገር ሲመጣ ግን ወደ ኋላ አትበሉ፤ ገብታችሁ አቅኑት። ሰው የማታ ማታ ማየቱ አይቀርም።

ድሬዳዋ ተመልሼ ክሪኮቹን ላስመልስ ስል ሙሴ አልቤር አሳቀኝ። "እዚህ ይዝጋሉ፤ እዚያ ይሠራሉ" ብሎ እዚያው ተዋቸው። እኔም በየዓመቱ ፍቃዴን መንዝ ማሳለፍ ጀመርኩ፤ ኋላም ጠቅልዬ ገባሁ።

በተከታዩ ዓመት፣ ለፍቃድ ገና ከመግባቴ፣ ከጌሼ ከራቤል በኩል ሦስት ሽማግሌዎች በበቅሎ መጡ። የእነሱም ቤተ ክርስቲያን አጋድሏል። "አያ ወልዴንና ልጃቸውን ፈልገን ነው" አሉ። አንዲት በቅሎ ያለ ጋላቢ ይዘው መጥተው ነበር፤ ለአባቴ ነው። አባቴ በሕይወታቸው በቅሎ ተቀምጠው አያውቁም። ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው፤ ልጓሙን እንደ ጉጠት ጨብጠው ያዙ። እኔ ከኋላ ሸክሙን እያስተካከልኩ ስዘገይ ዞር ብለው ጠሩኝ።

"ቶሎ ና እንጂ!" አሉኝ። "ሰው ይጠብቀናል።"